የመዝሙሩን ገጽ ማን ይግለጥ

በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በስተግራ በኩል፣ ከመድረኩ ሥር፣ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛና አንድ የፕላስቲክ ወንበር አሉ። ለብዙ ዓመት እሁድ እሁድ የተቀመጥኩት እዚያ ነው። ሥራዬ የመዝሙሩን ግጥም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ማሳየት ነበር። ባለቤቴ ከፊት ቆሞ ይመራል፤ እኔ ላፕቶፑ ጋ ተቀምጬ ገጽ እገልጣለሁ። እሱ ከሞተ በኋላ የቀረኝ የጋራ ቦታችን ያ ወንበር ስለነበር ልለቀው አልፈለግኩም። የምጽፈው እንዴት እንደተወሰደብኝ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ከአንድ አንቀጽ በላይ አይሆንልኝም።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። በየወረዳው አዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈት ነበርና በጽሕፈት መኪና መጻፍ የሚችል ሰው ይፈለግ ነበር። እኔ የጎፋ ልጅ ነኝ። ዲመካ የምትባል የወረዳ ከተማ መደቡኝ። እሱ እዚያው አስተማሪ ነበር፤ ትውልዱ ከጂንካ በላይ ካለው ከአሪ ደጋ ነው። ለትምህርት ቤቱ ፈተና ሊያስመታ ስቴንስል የሚባለውን የማባዣ ወረቀት ይዞ ይመጣና እስክጨርስ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ያንጎራጉራል። አንድ ቀን፣ «ዝም በል፣ መስመር አሳትከኝ» አልኩት። «መስመሩን ካሳትኩሽ መዝሙሩን አውጥተሽ ጻፊው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከተጋባን በኋላ ግን ዕድሜያችንን ሁሉ ያደረግነው ይህንኑ ሆነ፤ እሱ ያንጎራጉራል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ጂንካ ስንዛወር አማቴ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። አማርኛ አትሰማም ነበር፤ እኔ ደግሞ አሪኛ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስለምንውል አንዳችን መሸነፍ ነበረብን፤ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። አማቴ እኔን ለማስተማር የደከመችውን ድካም ያወቅኩት በኋላ፣ ባለቤቴ መዝሙር በአሪኛ ሲያዘጋጅ ነው። ቃሉ ሲጎረብጥ ከመጻፌ በፊት ይሰማኝ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ከጽሕፈት መኪናው ወደ ኮምፒውተር ተሻገርኩ። በዚያ ዘመን ለግዕዝ ፊደል ለብቻው የሚጫን ፎንት ነበረ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ወደ ፈረንጅ ፊደልና ምልክት ይለወጣል። ይህን የተማርነው ሰው ፊት ነው። አርባ ምንጭ ለጉባኤ ተጋብዘን የመዝሙሩን ጥራዝ በፍላሽ ይዘን ሄድን። እዚያ ባለው ኮምፒውተር ሲከፈት ግድግዳው በጥያቄ ምልክትና በነጠላ ሰረዝ ተሞላ። ባለቤቴ ለአፍታ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ጀመረ። በማግስቱ አንድ ባለሙያ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ለወጠልን። «ከእንግዲህ ፊደሉ ከገጹ ጋር ተጣብቋል፤ የትም ብትወስዱት አይበተንም» አለን። ከዚያ ጊዜ ወዲህ መዝሙሮቻችን በሁለት ፒዲኤፍ ተቀመጡ፤ አንዱ የአማርኛው፣ አንዱ የአሪኛው።

ገጽ መግለጥ ቀላል ሥራ ይመስላል። አይደለም። ሰው መስመሩን ዘምሮ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ግድግዳው ላይ መገኘት አለበት፤ ስለዚህ የሚገልጠው ሰው ሁልጊዜ ከጉባኤው ቀድሞ ነው የሚያነበው። ቀድሞ የሚያነብ ሰው አብሮ መዘመር አይችልም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አፌን ከፍቼ አልዘመርኩም። ባለቤቴ ደግሞ እንደ መጽሐፉ አይመራም። አዝማቹን ሦስቴ ሊደጋግመው ይችላል፤ ሁለተኛውን ቁጥር ዘልሎ ወደ አራተኛው ሊሄድ ይችላል። እሱ ትንፋሹን ሲሰበስብ ወዴት እንደሚሄድ ከትከሻው አውቀው ነበር። ሰው፣ «እንዴት ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ባሌ ነዋ! ሌላ ምን ልበል?

ኩላሊቱን ታሞ ሞተ። ስለ ሕመሙ ልጽፍ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ለቅሶው ላይ አንዲት ጓደኛዬ ቤቷን ዘግታ እኔ ጋ ከረመች። ቅዳሜ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ ከመዘምራኑም አንዷ ናት። ድንኳኑ ከፈረሰ፣ ዘመድ ሁሉ ከሄደ በኋላ እንኳን አልጋዬ አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛ ነበር። ምግብ ሳልበላ ስቀር፣ «ብዪ እንጂ፣ አንቺን ደግሞ ተሸክሜ መቃብር የምወጣበት ወገብ የለኝም» ትለኛለች። እንደ እሷ ያለ ሰው አልነበረኝም። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ለማክበድ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ወደ ወንበሬ ልመለስ ስል ላፕቶፑ እንቢ አለኝ። ቫይረስ ገብቶበት ስለነበር ገበያው አጠገብ ያለ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጋ ሰጥቼው ነበርና አጽድቶ፣ በዚያው የፒዲኤፍ ማንበቢያውን አውጥቶ አዲስ የወጣውን ጭኖበታል። አዲሱ ለዚያ ላፕቶፕ ከባድ ነበር። ለመከፈት ብዙ ያስባል፤ ገጽ ግለጥ ሲሉት ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ መሐል ላይ ደግሞ «አድሱኝ» ብሎ መስኮት ያወጣል። በመጀመሪያው እሁድ ጉባኤው ሦስተኛውን ቁጥር ሲዘምር ግድግዳው ላይ ያለው ገና አንደኛው ነበር። አዲሱ መሪ ዞሮ አየኝ። ቁልፉን ደጋግሜ ስመታው ፕሮግራሙ የመታሁትን ሁሉ አንድ ላይ አስታውሶ ሌላ መዝሙር ላይ ወሰደን። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ግን ከፊት ቆሞ የዞረው ሰው ባሌ ስላልሆነ ነው መሰለኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ድምፄ ማይክ ውስጥ ገባ። መዝሙሩ ተቋረጠ።

ከጉባኤው በኋላ ዋናው ሽማግሌ መጡ።

«አይዞሽ፣ እህቴ። ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ማንበቢያው ነው፣ ጋሼ። ለዚህ ኮምፒውተር ከብዶታል። ቀለል ያለ ካገኘሁ ይስተካከላል።»

«እንግዲያው ፈልጊ። ጌታ ይርዳሽ» አሉኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ነበር።

ፈለግኩ። ያ ፍለጋ ባለቤቴን ከቀበርኩ በኋላ ከአልጋ ያስነሳኝ የመጀመሪያ ነገር ነበር። እስካገኝ ድረስ እሁድ እሁድ ያለ ፕሮጀክተር ይዘመር ነበር። ጠጋኙ ጋ ተመልሼ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር እኮ ጡረታ መውጣት አለበት» አለኝ።

«እኔም ወጥቻለሁ። እኔን ጥለህ እሱን ታድስልኛለህ ወይስ ሁለታችንንም ትጥለናለህ?»

ሳቀና ወንበር አቀረበልኝ። ነገሩንም በደንብ አስረዳኝ። አሁን የሚወጡት ማንበቢያዎች ማንበቢያ ብቻ አይደሉም፤ ያርማሉ፣ ያስፈርማሉ፣ በየሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ይነጋገራሉ። «እርስዎ የሚፈልጉት ገጽ ማየት ብቻ ነው። ለዚያ የሚሆኑ ትንንሾች አሉ፤ ግን እኔም ሞክሬአቸው አላውቅም። እየሞከሩ ይዩ» አለኝ። ከስልኬ ኢንተርኔት ወደ ላፕቶፑ እንዴት እንደማገናኝ አሳየኝና ወደ ቤት ሄድኩ።

የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ከሌለ አይሠራም። ጂንካ ደግሞ መብራቱ እንደፈቀደው ነው። ሲመጣ የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ እቀመጣለሁ። ጓደኛዬም ገበያ የሌለባት ቀን ትመጣና አጠገቤ ሆና ታያለች። የመጀመሪያው ፕሮግራም ፈጣን ነበር፤ ነገር ግን በየገጹ መሐል ለመሐል «ግዙኝ» የሚል ማኅተም ያትማል። ሁለተኛው ሲጫን ሳልፈቅድለት ሌላ ነገር ይዞ ገባ፤ መዝሙሩን ስከፍት የኳስ ውርርድ ማስታወቂያ ከጎን ዘሎ ወጣ።

ጓደኛዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በሳቅ ሞተች። «ወይኔ! ይሄ እሁድ ግድግዳው ላይ ቢወጣ! ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ማን እንዳሸነፈ ሊያዩ!»

«ዝም በይ እንጂ፣ አንቺ።»

«በአሥራት ይወራረዳሉ እልሻለሁ!»

እኔም ሳቅኩ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ስስቅ ደግሞ ደነገጥኩና አፌን በእጄ ያዝኩ፤ እሷ እጄን ይዛ አወረደችው። «ሳቂ፤ እሱም ቢሆን ይስቅ ነበር» አለችኝ። ይህን አልረሳውም። ልረሳው ብችል ይቀለኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀለል ያለ ነበር፤ ግን የእኛን ፊደል አላወቀውም፤ ገጹን በባዶ ሳጥን ሞላው። ፊደሉ ከገጹ ጋር ተጣብቋል የተባለውን አስታውሼ ተናደድኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል ተውኩት። አልዱባ በምትባል ትንሽ ከተማ የምታስተምር አንዲት የባለቤቴ የቀድሞ ተማሪ ስልክ ደውላ ሳጫውታት፣ እሷ በአሮጌ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምትጠቀምበትን ነገረችኝ። አወረድኩት። በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ የወረደ አልመሰለኝም። መልኩ ግራጫ ነው፤ ጌጥ የለው፣ የሚጠይቀው ነገር የለው። የመዝሙሩን ፋይል ሁለቴ ጠቅ ሳደርግ ተከፈተ። መከፈቱን ለማየት እንኳን ጊዜ አልሰጠኝም። ፊደሉ ሁሉ በቦታው አለ። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት፤ መዝሙሮቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ውኃ ወረዱ። በየትኛው ዓመት የትኛውን እንደጻፍኩ እያወቅኩ ሲያልፉ አየኋቸው።

ጓደኛዬ እልል አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ላፕቶፕ ልታገቢው ነው እንዴ? ሚዜ እሆናለሁ!»

ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብላ፣ «እኔንም አስተምሪኝ» አለች።

«ለምን?»

«ወባ ይይዝሻል፣ ጎፋ እናትሽን ልትጠይቂ ትሄጃለሽ። ያን ጊዜ ማን ይገልጣል? አንቺን ለማገዝ ነው፣ እህት ዓለም።»

ደስ አለኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። አስተማርኳት፤ ቀድሞ ማንበብን፣ መሪው ትንፋሽ ሲስብ ወዴት እንደሚሄድ መጠበቅን፣ አለመዘመርን። ስትረሳና ስትዘምር እጇን ቸብ አደርጋታለሁ፤ እንደ ልጅ ትስቃለች። ፕሮግራሙንና የአማርኛውን ጥራዝ በፍላሽ ሰጠኋት። የአሪኛውን አልሰጠኋትም፤ ባለቤቴ አልጋ ላይ ሆኖ ያሳረመኝ ነገር ስለነበረ እሱን ገና እያስተካከልኩ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በሚቀጥለው እሁድ እንደ ወትሮው ቀድሜ ሄድኩ። ዝናብ ስለነበር ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳን ሙሉ በሙሉ አልተነሳም። ወንበሬ ላይ ጓደኛዬ ነበረች፤ ነጭ ለብሳለች።

«ዛሬ አንቺ እረፊ» አለችኝ፤ ቀና አላለችም።

ለዚያ ቀን ብቻ መሰለኝ። «ከየት መጣ ይሄ?» አልኳት። ገመዱን የምታስተካክል መሰለች። ሽማግሌው መድረክ ላይ ወጡና ስሜን ጠሩ። እህታችን ለብዙ ዓመት በታማኝነት አገልግላለች አሉ፤ አሁን በሐዘኗ ጊዜ እንድታርፍ ሽማግሌዎች በፍቅር ወስነዋል አሉ፤ ጌታ ዋጋዋን ይክፈላት አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ በወንበሮቹ መሐል ባለው መተላለፊያ ፌስታሌን ይዤ ቆሜ ነበር። የሚያጨበጭቡት በሙሉ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ለቅሶዬ ላይ ውኃ የቀዱ፣ እንጨት የፈለጡ። አንዲት እናት ቦታ ለቀቀችልኝና ተቀመጥኩ።

መዝሙሩ ሲጀመር ግድግዳው ላይ ለቅጽበት ያ ግራጫ መስኮት ታየ፤ ከዚያ ገጹ ሞላ። የእኔ ፕሮግራም ነው። ያን የመሰለ አዲስ ኮምፒውተር የፈለገውን ከባድ ነገር መክፈት ይችላል፤ እሷ ግን የምታውቀው እኔ ያስተማርኳትን ነው። ገጹ አንዴም አልዘገየም። በትክክል በሰዓቱ ትገልጥ ነበር። አትዘምርም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላው ሰው ለመዘመር ነፃ ሆኜ ተቀምጬ፣ አፌ አልከፈት አለ።

ስንወጣ ሽማግሌውን በር ላይ አገኘኋቸው።

«ኮምፒውተሩ መቼ ተገዛ፣ ጋሼ?»

«እሱማ ከተገዛ ቆይቷል። የሚይዘው ሰው እስኪሠለጥን ነው የጠበቅነው።»

«ፈልጊ ብለውኝ አልነበረም?»

«መፈለግሽ ጥሩ ሆነ እኮ፣ እህቴ። ሁላችንንም ጠቀመን» አሉኝ። ሲሉኝ ፈገግ ብለዋል፤ ተንኮል አልነበረበትም። ከተንኮል የከፋብኝ ያ ነው።

ሰኞ ጓደኛዬ ቤት መጣች። በር ላይ እንደ ድሮው አልጮኸችም፤ አንኳኳች። ገብታ ተቀመጠች፤ እኔ ቆሜ ነበር።

«ተቀይመሽኛል?»

«ያ ማስታወቂያ ሲዘል፣ ስንስቅ፣ ታውቂ ነበር?»

«ሽማግሌዎቹ አትንገሪያት አሉኝ።»

«ስለ ሽማግሌዎቹ አልጠየቅኩሽም።»

ነጠላዋን ጠመዘዘችው። «አውቅ ነበር» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ምን ላድርግ? አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ ሰው መዘመር አቃተው። እኔም አቃተኝ። ሰው እሁድ የሚመጣው የራሱን ሊረሳ ነው። አንቺን ባየን ቁጥር እሱ እንደገና ይሞትብናል። ይሄን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

«እንደዚህ አድርገሽ።»

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ብትነግረኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ምናልባት እቆጣ ነበር፤ ምናልባት ለአንድ ዓመት ወንበሩን እለቅ ነበር። ግን አጠገቤ ተቀምጣ ወንበሬን ለማትረፍ የምፈልገውን አብራኝ ስትፈልግ ከረመች፤ ስናገኘው እልል አለች፤ ያንኑ ይዛ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ቀን አይታኛለች። አልጋዬ አጠገብ የተኛችው ሴትና ያቺ አንድ ሰው መሆናቸውን እስካሁን ማስታረቅ አልቻልኩም።

ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆም አለች። «የአሪኛውን ግን… በሚቀጥለው እሁድ ከአሪ ደጋ እንግዶች ይመጣሉ። ፋይሉ አንቺ ጋ ነው አሉ።»

«ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ይጠይቁኝ» አልኳት።

መጡ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ጸለዩ። ከዚያ የአሪኛው ጥራዝ የጉባኤው ንብረት መሆኑን በለሰለሰ ቃል ነገሩኝ። ትክክል ናቸው። ባለቤቴ ለራሱ አልጻፈውም፤ እኔም አልነፍጋቸውም።

«እሰጣለሁ፣ ጋሼ። የአሪኛውን ግን የምገልጠው እኔ ነኝ። እሷ አሪኛ አትሰማም፤ መሪው ቁጥር ቢዘልል የት እንደሄደ አታውቅም።»

«አንቺ ደግሞ…» አሉኝ።

«አለቅስ ይሆናል» አልኩ። «ካለቀስኩም እዚያው ሆኜ ነው። ሲወስኑ እኔን ያልጠየቁኝ ለምንድን ነው?»

«እንዳይከፋሽ ብለን ነዋ።»

ባርኔጣቸውን አነሱ። «እንመካከርበታለን» አሉኝ። እስከ ዛሬ እየተመካከሩ ነው፤ ፋይሉም እኔ ጋ ነው።

የደጋ እንግዶች የመጡ ዕለት ከሴቶቹ ጋር መሐል ላይ ተቀመጥኩ። የአማርኛው መዝሙር አለቀና መሪው የአሪኛውን ጀመረ። ከጥራዙ ውስጥ ባለቤቴ አብዝቶ ይመራው የነበረው ነው። ግድግዳው ነጭ ነበር። አሮጊቶቹ በቃላቸው ያዙት፤ ወጣቶቹ አንደኛውን ቁጥር ካለፉ በኋላ ድምፃቸው እየሳሳ ሄደና ግድግዳውን ያዩ ጀመር። ጓደኛዬ ከወንበሬ ላይ ሆና ዞረች፤ በሰው ራስ መሐል ፈልጋ አገኘችኝ። በዓይኗ የምትለውን አውቃለሁ፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ፊቷን እንደ እኔ የሚያነብ ሰው የለም። ፋይሉ ቤት ነው፤ ቃሎቹ ግን በሙሉ አፌ ላይ ነበሩ። ተነስቼ ብጀምር ጉባኤው ይከተለኝ ነበር።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ተቀምጬ ቀረሁ።